ለሕግ አውጪ የሚጻፍ መልእክትና ክብደቱ፦ ማኅበራዊ ሚዲያና የኤሌክትሪክ ኃይል ፖሊሲ በቨርጂንያ

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ከአምናው ይልቅ የከበደበት አባወራ ቅሬታውን ለማን ያቀርባል? ቀድሞ መንገዱ አድካሚ ቢሆንም የታወቀ ነበር፤ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል ወይም ቀጠሮ ይዞ ወደ እንደራሴው ቢሮ ይሄዳል። ዛሬ ግን ቅሬታው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጻፈው በፌስቡክ፣ በኤክስ ወይም በቴሌግራም ነው። ጽሑፉ ይለጠፋል፤ ወዳጆች ይስማሙበታል፤ ለሌሎችም ያጋሩታል፤ ጸሐፊውም የሚገባውን እንዳደረገ ቆጥሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሁንና ጽሑፉ በብዙዎች መነበቡ አንድ ነገር ሲሆን፣ ሕጉን በሚያወጣው ሰው ዘንድ እንደ አቤቱታ መቆጠሩ ሌላ ነገር ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መመርመር ነው። ለምርመራው የተመረጠችው በአሜሪካ የምትገኘው የቨርጂንያ ግዛት ስትሆን፣ የተመረጠችበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በግዛቲቱ የኤሌክትሪክ ኃይል ጥያቄ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከምክር ቤት እስከ ሰፈር ስብሰባ ድረስ ዋና መከራከሪያ ሆኗል። ሁለተኛ፣ በሰሜን ቨርጂንያ፣ በተለይም በአሌክሳንድርያና በፌርፋክስ አካባቢ፣ ቁጥሩ ቀላል ያልሆነ የኢትዮጵያውያንና የትውልደ ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ስለሚኖር፣ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ጽሑፉ የሚያቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ለሕግ አውጪ የሚላክ መልእክት ክብደት የሚያገኘው በተመልካቹ ብዛት ሳይሆን ተቀባዩ ሊያረጋግጣቸው በሚችላቸው አራት ነገሮች ነው። እነርሱም ላኪው እውነተኛ ሰው መሆኑ፣ በተቀባዩ የምርጫ ክልል የሚኖር መሆኑ፣ የጠየቀው ነገር በተቀባዩ ሥልጣን ሥር ያለ መሆኑ፣ እንዲሁም ውሳኔው ገና ያልተሰጠ መሆኑ ናቸው። ማኅበራዊ ሚዲያ በባሕርዩ እነዚህን አራቱን ስለሚያደበዝዝ፣ የሚጠቀምበት ሰው የጎደለውን ራሱ ካልሞላ መልእክቱ ሳይመዘን ያልፋል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ

በላውደን ካውንቲ፣ በአሽበርን ከተማ ዙሪያ፣ መስኮት የሌላቸው ሰፋፊ ሕንፃዎች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ ዳታ ሴንተሮች ናቸው፤ ሰዎች በየቀኑ የሚልኳቸው ፎቶግራፎች፣ የባንክ መዝገቦችና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራዎች የሚከማቹባቸውና የሚሰሉባቸው ኮምፒውተሮች ማደሪያ። የግዛቲቱ ምክር ቤት የጋራ የኦዲትና የግምገማ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2024 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ሰሜን ቨርጂንያ በዓለም ትልቁ የዳታ ሴንተር ገበያ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በሥራ ላይ ካለው የዚህ ዘርፍ አቅም 13 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ይኸው ጥናት ዕድገቱ ካልተገደበ የግዛቲቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በ10 ዓመት ውስጥ በእጥፍ ሊያድግ እንደሚችል ገምቷል።

ይህን ፍላጎት ለማሟላት አዳዲስ ማመንጫዎች፣ ማከፋፈያ ጣቢያዎችና የማስተላለፊያ መስመሮች ሊሠሩ ይገባል። ጥያቄው ወጪውን ማን ይሸከማል የሚለው ነው። ጥናቱ በወቅቱ በነበረው ታሪፍ ዳታ ሴንተሮች የሚገባቸውን ወጪ እየከፈሉ መሆናቸውን ቢገልጽም፣ ወደፊት ግን ወጪው ወደ ሌሎች ደንበኞች ሊሻገር እንደሚችል አስጠንቅቋል። የዋጋ ንረት ሳይታሰብ፣ የዶሚኒየን ኢነርጂ ተራ የመኖሪያ ቤት ደንበኛ በ2040 በየወሩ ከ14 እስከ 37 ዶላር የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊገጥመው እንደሚችልም ተገምቷል። በሌላ በኩል፣ ዳታ ሴንተሮቹ ለካውንቲዎቹ ከፍተኛ የግብር ገቢ ያስገኛሉ፤ ይህ ገቢ ለትምህርት ቤትና ለመንገድ ይውላል። እንዲሁም በ2020 የወጣው የቨርጂንያ የንጹሕ ኢኮኖሚ ሕግ ዶሚኒየን እስከ 2045፣ አፓላቺያን ፓወር ደግሞ እስከ 2050 ድረስ ኤሌክትሪካቸውን ካርቦን ከማይለቁ ምንጮች እንዲያቀርቡ ያዝዛል። እንግዲህ ርካሽ ኃይል፣ ንጹሕ ኃይልና ፈጣን ዕድገት በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ፤ ሦስቱን ማስታረቅ ያለበት ደግሞ ሕግ አውጪው ነው። የነዋሪው ድምፅ ቁም ነገር የሚኖረውም በዚህ ሥፍራ ነው።

ማን ምን ይወስናል?

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ኃይል ከሚጻፉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ የሚመክኑት አድራሻቸው ስለሚሳሳት ነው። የኤሌክትሪክ ሒሳብ አንድ ወረቀት ቢሆንም ከጀርባው ቢያንስ አራት የተለያዩ ውሳኔ ሰጪዎች አሉ።

የመጀመሪያው የግዛቲቱ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ጉባኤው 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት ሲሆን፣ መቀመጫው በሪችመንድ ነው። ኩባንያዎች ከየትኛው ምንጭ ኃይል እንደሚያቀርቡ የሚደነግገው፣ ዳታ ሴንተሮች ለሚገዟቸው መሣሪያዎች የሽያጭ ግብር ነፃነት የሰጠውና ሊያነሣው ወይም ሊያራዝመው የሚችለው ይህ አካል ነው።

ሁለተኛው የግዛቲቱ የኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው። በጠቅላላ ጉባኤው የሚመረጡ ሦስት ዳኞች ያሉት ይህ ኮሚሽን ታሪፍ የሚወስነው እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ከፍቶ፣ ማስረጃና ክርክር ሰምቶ ነው። ለምሳሌ በ2025 መጨረሻ ላይ ኮሚሽኑ 25 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ ለሚጠቀሙ ደንበኞች የተለየ የታሪፍ ምድብ እንዲፈጠር የወሰነው በዚህ ዓይነት ሂደት ነበር። ሦስተኛው የካውንቲው ቦርድ ነው፤ ሕንፃው በየትኛው መሬት ላይ ይሠራ የሚለውን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው እርሱ ነው። አራተኛው ደረጃ የፌዴራሉ ነው፤ ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገረው ኃይል ማስተላለፊያና የጅምላ ገበያ በፌዴራል የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሥር ይወድቃል።

ይህ ክፍፍል ለመልእክት ጸሐፊው ያለው ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ ነዋሪ በተወካዩ ገጽ ላይ «ሒሳቤን ቀንሱልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ የሚያገኘው መልስ ጉዳዩ የኮሚሽኑ ነው የሚል ይሆናል፤ መልሱም ሐሰት አይደለም። በአንጻሩ ይኸው ሰው በኮሚሽኑ ላይ በኤክስ ብርቱ ትችት ቢጽፍ፣ ጽሑፉ የመዝገቡ አካል ስላልሆነ ዳኞቹ በውሳኔያቸው ሊጠቅሱት አይችሉም። ለኮሚሽኑ የሚሰጥ አስተያየት የጉዳዩን ቁጥር ይዞ፣ ኮሚሽኑ ለዚሁ ባዘጋጀው የሕዝብ አስተያየት መቀበያ ሲገባ ብቻ ከመዝገቡ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያን ከመክፈት በፊት «ይህን ነገር ሊለውጥ የሚችለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

መልእክቱ ከቢሮው ሲደርስ

የቨርጂንያ ሕግ አውጪዎች የሙሉ ጊዜ ፖለቲከኞች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከጉባኤው ውጭ ጠበቃ፣ ነጋዴ፣ መምህር ወይም ሐኪም ሆነው ይሠራሉ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት አንድ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ወደ 86 ሺህ የሚጠጉ ነዋሪዎችን ይወክላል፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት ግን እጅግ ጥቂት ረዳቶች ናቸው። በጉባኤው ወራት መልእክት ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። ረዳቱ ታዲያ እያንዳንዱን መልእክት ሲመለከት የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ የእኛ ነዋሪ ነው? ስለ የትኛው ረቂቅ ሕግ ነው? ይደግፋል ወይስ ይቃወማል?

የሦስቱ ጥያቄዎች መልስ በኢሜይልና በስልክ መልእክት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይገኛል፤ ላኪው አድራሻውን ይጽፋልና። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ግን የሚታየው ስምና ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ እርሱም የእውነት ላይሆን ይችላል። ጸሐፊው በአሌክሳንድርያ ይኑር ወይም በካሊፎርንያ፣ ረዳቱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሕግ አውጪው ደግሞ ኃላፊነቱ ለራሱ የምርጫ ክልል ስለሆነ፣ ምንጩ ያልታወቀ አስተያየት ከቁጥር አይገባም።

ይህ ሲባል ማኅበራዊ ሚዲያ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቢሮዎችን አሠራር የሚያጠናው የኮንግሬስ አስተዳደር ፋውንዴሽን በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ አብዛኞቹ የተጠየቁ ሠራተኞች በአንድ ጽሑፍ ሥር የሚሰጡ ከ30 የማይበልጡ ተመሳሳይ አስተያየቶች የቢሮውን ትኩረት ለመሳብ እንደሚበቁ ገልጸዋል። ጥናቱ የተደረገው በፌዴራሉ ምክር ቤት ላይ ቢሆንም፣ ጥቂት ሠራተኛና ጥቂት ተከታይ ባለው የግዛት ሕግ አውጪ ዘንድ የሚያስፈልገው ቁጥር ይበዛል ብሎ ለማሰብ ምክንያት የለም። የዚሁ ተቋም ጥናቶች በሌላ በኩል፣ አቋሙን ገና ባልወሰነ ሕግ አውጪ ላይ ይበልጥ ተጽዕኖ ያላቸው በአካል የሚደረግ ጉብኝትና ግላዊ ታሪክ ያለበት መልእክት መሆናቸውን፣ ቃል በቃል እየተገለበጡ የሚላኩ መልእክቶች ግን እምብዛም እንደማይመዝኑ ያሳያሉ። ሁለቱ ግኝቶች ሲጣመሩ የሚሰጡት ትምህርት፣ ጥቂት ግን የታወቁ ነዋሪዎች በራሳቸው ቃል የሚጽፉት መልእክት ከብዙ ሺህ ቅጂ ይበልጣል የሚል ነው።

እምነት የጎደለበት ምክንያት

ቢሮዎች እንዲህ የሚጠራጠሩት ያለ ነገር አይደለም። በሰኔ 2009 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ንጹሕ ኃይልና ስለ አየር ንብረት የቀረበ ትልቅ ረቂቅ ሕግ በ219 ድጋፍና በ212 ተቃውሞ አሳለፈ። ከድምፁ በፊት ለቨርጂንያው እንደራሴ ለቶም ፔሪየሎ ቢሮ፣ ሕጉ የኤሌክትሪክ ዋጋ በማናር አባሎቻችንን ይጎዳል የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰው ነበር። ደብዳቤዎቹ በሻርሎትስቪል የሚገኙ የጥቁር አሜሪካውያንና የላቲኖ ማኅበራትን ስምና አርማ የያዙ ነበሩ። ዘግይቶ እንደተረጋገጠው ግን ማኅበራቱ አንዱንም አልጻፉም፤ ደብዳቤዎቹን ያዘጋጀው ለድንጋይ ከሰል ኤሌክትሪክ በሚሟገት ኅብረት ስም በተዘረጋ ዘመቻ ውስጥ በንዑስ ተቋራጭነት የሚሠራ አንድ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። ማጭበርበሩ ለሕዝብ ይፋ የሆነው ድምፁ ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ጉዳዩም በዚያው ዓመት በምክር ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተመርምሯል።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተመሳሳይ ነገር በሌላ መልክ ታየ። አንድ የጋዝ ማመንጫ እንዲሠራ ለመደገፍ በከተማው ምክር ቤት ስብሰባዎች ላይ ከተገኙት ሰዎች ከፊሎቹ ገንዘብ የተከፈላቸው ተዋንያን መሆናቸው በ2018 ተጋለጠ፤ ምክር ቤቱም በኤሌክትሪክ ኩባንያው ላይ የ5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጣለ።

ደብዳቤና የሰው አካል እንኳ በሐሰት ሊዘጋጁ ከቻሉ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊፈጠር የሚችል የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል አንባቢ ይገምታል። በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ የተጎዳው አካል የተታለለው ሕግ አውጪ ብቻ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ሐሰተኛው ድምፅ በበዛ ቁጥር እውነተኛው ድምፅ ይረክሳል፤ የእውነት የተቸገረው ነዋሪ መልእክት በጥርጣሬ ክምር ሥር ይቀበራል። ስለሆነም ማንነትን ግልጽ ማድረግ ለተቀባዩ የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ለራስ መልእክት የሚደረግ ጥበቃ ነው።

ጊዜን ማወቅ

የቨርጂንያ ጠቅላላ ጉባኤ የሚሰበሰበው በጥር ወር ሁለተኛ ረቡዕ ላይ ሲሆን፣ ጎዶሎ ባልሆኑ ዓመታት 60 ቀን ይቆያል፤ ጎዶሎ በሆኑ ዓመታት በሕገ መንግሥቱ የተወሰነለት 30 ቀን ቢሆንም በልማድ እስከ 46 ቀን ይራዘማል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ረቂቆች ይቀርባሉ። የብዙዎቹ ዕጣ የሚወሰነው ካሜራዎች በተደረደሩበት የሙሉ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ሳይሆን፣ ጥቂት አባላት ብቻ በሚቀመጡበት ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ነው። በጉባኤው አጋማሽ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን ረቂቆች ጨርሶ ወደ ሌላኛው የሚያሻግርበት ቀን አለ፤ እስከዚያ ያላለፈ ረቂቅ ለዚያ ዓመት አበቃለት።

ከዚህ የሚከተለው፣ በሚያዝያ ወር የሚጻፍ የተቆጣ አስተያየት በየካቲት ለሞተ ረቂቅ ሕይወት እንደማይሰጥ ነው። ረቂቁ በየትኛው ንዑስ ኮሚቴ መቼ እንደሚታይ የሚገልጸው መርሐ ግብር በጉባኤው የሕግ መረጃ ሥርዓት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤትም ለኮሚቴዎቹ የጽሑፍ አስተያየት በኢንተርኔት ይቀበላል። ማኅበራዊ ሚዲያ በእርግጥ የሚያይልበት ሥራ ይህንን ቀን አስቀድሞ ለጎረቤት ማሳወቅ ነው።

ድምፅ ተሰጥቶ ካለፈ በኋላም ቢሆን ነገሩ አያልቅም። በ2025 ኤች.ቢ. 1601 የተባለ ረቂቅ በሁለቱም ምክር ቤቶች አልፎ ነበር። ረቂቁ 100 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሚፈልግ አዲስ ተቋም ከመፈቀዱ በፊት የሚያሰማው ድምፅ በአቅራቢያው ባሉ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ላይ የሚያስከትለው ጫና እንዲጠና የሚጠይቅ ነበር። የወቅቱ አገረ ገዢ ግሌን ያንግኪን ግን ውድቅ አደረጉት። አገረ ገዢው ረቂቁን በእጃቸው ይዘው በሚመረምሩባቸው ሳምንታት መልእክቱ መላክ ያለበት ለእርሳቸው እንጂ አስቀድሞ ድጋፉን ለሰጠ ተወካይ አይደለም። አድራሻ ከጊዜ ጋር አብሮ ይለወጣል።

ገጹ የማን ነው?

ነዋሪው አስተያየቱን ጽፎ በባለሥልጣኑ ገጽ ላይ ቢታገድስ? ይህ ጥያቄ ከላውደን ካውንቲ ተነሥቶ ፍርድ ቤት ደርሷል። የካውንቲው ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት ፊሊስ ራንዳል በ2016 አንድ ነዋሪን ከፌስቡክ ገጻቸው ለጥቂት ሰዓታት አግደው ነበር፤ የአራተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019 በሰጠው ውሳኔ ገጹ የሕዝብ መድረክ እንደሆነና እገዳው የነዋሪውን ሐሳብን የመግለጽ መብት እንደጣሰ ወሰነ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2024 በሊንድኪ እና በፍሪድ መካከል በነበረው ክርክር በሙሉ ድምፅ ጠበቅ ያለ መመዘኛ አስቀመጠ። ባለሥልጣኑ በማኅበራዊ ሚዲያ ያደረገው ነገር የመንግሥት ድርጊት ሆኖ የሚቆጠረው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ በመንግሥት ስም የመናገር እውነተኛ ሥልጣን ሲኖረው፣ እንዲሁም ጽሑፉን ሲለጥፍ ያንን ሥልጣን እየሠራበት መሆኑን ሲያሳይ። ባለሥልጣን በመሆኑ ብቻ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ የሚለጥፍበት የግል ገጽ የሕዝብ መድረክ አይሆንም።

በተግባር ይህ ማለት ነዋሪው የሚጽፍበትን ገጽ መለየት አለበት ማለት ነው። አንድ ሕግ አውጪ ሦስት ገጾች ሊኖሩት ይችላሉ፤ የሹመቱ፣ የምርጫ ዘመቻውና የግሉ። ስለ ረቂቅ ሕግ የሚቀርብ ጥያቄ ቦታው የሹመቱ ገጽ ነው። የዘመቻው ገጽ የሚመራው በዘመቻው ሠራተኞች ስለሆነ መልእክቱ ወደ ቢሮው ላይደርስ ይችላል። በግል ገጽ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የሕግ ጥበቃው ያነሰ ከመሆኑም ሌላ፣ እንግዳ ሳይጠሩት ከጓዳ እንደመግባት ይቆጠራል።

በአማርኛ የሚደረገው ውይይት

በሰሜን ቨርጂንያ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ስለ ኑሮ ውድነት የሚወያየው በአብዛኛው በቴሌግራምና በዋትስአፕ ቡድኖች፣ በፌስቡክና በዩቲዩብ ነው። ውይይቱ ሕያው ነው፤ ስለ ሒሳብ መናር፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አዲሱ የማስተላለፊያ መስመር በዝርዝር ይነገርበታል። ነገር ግን ሕግ አውጪው አይሰማውም። ቡድኑ ዝግ ነው፤ ቋንቋው አይገባውም፤ ከተወያዮቹም ማን በየትኛው የምርጫ ክልል እንደሚኖር አይታወቅም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ የአንድ ማኅበረሰብ ችግር ከጎረቤቱ እኩል ሳለ በመዝገብ ላይ ግን እንደሌለ ይቆጠራል።

ሌላው መሰናክል «እኔ ገና ዜጋ አይደለሁምና ምን አገባኝ» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ለምርጫ ድምፅ መስጠት የዜጎች መብት መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ መንግሥትን አቤት የማለትን መብት ሲጠብቅ የተናገረው ስለ «ሕዝቡ» ነው። የምርጫ ክልሎችም የሚከፋፈሉት በመራጩ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው የነዋሪ ቁጥር ነው። ስለዚህ በክልሉ የሚኖርና የኤሌክትሪክ ሒሳብ የሚከፍል ሰው ወደ ተወካዩ መጻፉ ያልተሰጠውን መውሰድ አይደለም። ስሙ በአደባባይ እንዲታይ የማይፈልግ ሰው ደግሞ የአደባባዩን ገጽ ትቶ በኢሜይል ወይም በስልክ ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንዲህ ያለው መልእክት ይበልጥ ይመዝናል።

ዝጉን ቡድን ወደ ጥቅም ለመለወጥ የሚያስፈልገው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። የረቂቁን ፍሬ ነገር በአማርኛ የሚያስረዳ፣ የንዑስ ኮሚቴውን ቀን የሚያሳውቅ፣ ተወያዮቹ እያንዳንዳቸው ተወካያቸውን በአድራሻቸው እንዲለዩ የሚረዳ ሰው ከተገኘ፣ ቡድኑ የብሶት መወጫ መሆኑ ቀርቶ የአቤቱታ መነሻ ይሆናል። ሰዎቹ ግን አንድ ዓይነት ጽሑፍ መገልበጥ የለባቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ኑሮ በራሱ ቃል ይጻፍ።

የመልእክቱ ቅርጽ

ከላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ አጭር መልእክት ውስጥ ሊጠቃለል ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው መልእክት ይዘቱ በአማርኛ ሲገለጽ ይህን ይመስላል፦

«ክቡር ተወካይ፣ በእርስዎ የምርጫ ክልል በዚህ ሰፈር የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ነገ ንዑስ ኮሚቴዎ የሚመለከተው ረቂቅ ሕግ ቁጥር እገሌ አዲስ የኤሌክትሪክ መስመር ወጪ በመኖሪያ ቤቶች ላይ እንዳይጫን የሚጠይቅ ነው። ባለፈው ክረምት የመብራት ሒሳባችን ከወር አስቤዛችን እኩል ሆኖብን ነበር። ረቂቁን እንዲደግፉ እጠይቃለሁ፤ አቋምዎን ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። ሙሉ አድራሻዬን በኢሜይል ልኬያለሁ።»

ይህ መልእክት አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆንም፣ የላኪዋን ማንነትና መኖሪያ፣ የረቂቁን ቁጥርና ቀን፣ አንድ እውነተኛ የኑሮ ምሳሌና ግልጽ ጥያቄ ይዟል። ስድብ የለበትም፤ ማስፈራሪያ የለበትም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በተለይ ሊስተዋል ይገባል። በአደባባይ የተጻፈው መልእክት ትኩረት ይስባል፤ በኢሜይል የተላከው አድራሻ ደግሞ መልእክቱን ከመዝገብ ያስገባል። ሁለቱ ተደጋጋፊ እንጂ ተፎካካሪ አይደሉም። በአንጻሩ ሙሉ አድራሻን በአደባባይ ገጽ ላይ መጻፍ ለጸሐፊዋ ደኅንነት አይበጅም።

ድምፁ ከተሰጠ በኋላ የሚደረገው ነገርም ከመልእክቱ ይቆጠራል። ተወካዩ እንደተጠየቀው ካደረገ በአደባባይ ማመስገን፣ ካላደረገም ምክንያቱን በጨዋነት መጠየቅ፣ ነዋሪው እየተከታተለ እንደሆነ ያሳያል። ድምፅ አሰጣጡ በሕዝብ መዝገብ ላይ የሚገኝ ስለሆነ ይህን ማረጋገጥ አያስቸግርም።

ገደቦቹ

የማኅበራዊ ሚዲያን አቅም ማጋነን አይገባም። በቨርጂንያ ሕግ ለምርጫ ዘመቻ የሚሰጥ መዋጮ የመጠን ገደብ የለውም፤ ትላልቅ ኩባንያዎችና በአንጻራቸው የቆሙ የአካባቢ ጥበቃ ለጋሾች ዓመቱን ሙሉ በሪችመንድ የሚሟገቱ ባለሙያዎች አሏቸው። አንድ የፌስቡክ አስተያየት ይህን ሚዛን ብቻውን አይገለብጥም። ከዚህም በላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ቁጣን ከማስረዳት አስቀድሞ ያሰራጫል፤ ብዙ ተመልካች የሚያገኘው ጽሑፍ ሕግ አውጪውን የሚያሳምነው ጽሑፍ ላይሆን ይችላል። ኢንተርኔት የማይጠቀሙ አረጋውያንና ሁለት ሥራ የሚሠሩ ወላጆች ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ ተሳትፎ ይቀራሉ፤ እነርሱ ግን ብዙ ጊዜ በሒሳብ ጭማሪ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ናቸው።

ማጠቃለያ

የቨርጂንያ ጉዳይ የሚያሳየው፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ወደ ሕግ አውጪው የሚወስደውን መንገድ ያሳጠረ ቢሆንም፣ ከደረሱ በኋላ የሚጠየቀውን ጥያቄ እንዳላስቀረ ነው። ማን ነህ? ከየት ነህ? ምን ትፈልጋለህ? ከእኔ ዘንድ ለምን መጣህ? የሚሉት ጥያቄዎች በቀድሞው ዘመን በቢሮው በር ላይ ይጠየቁ ነበር፤ ዛሬም በረዳቱ ኮምፒውተር ፊት ይጠየቃሉ። መልስ ይዞ የመጣ ይመዘናል፤ ሳይዝ የመጣ ያልፋል።

በመጪዎቹ ዓመታት በግዛቲቱ የሚዘረጉት መስመሮችና የሚተከሉት ማመንጫዎች ወጪ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በየቤቱ ሒሳብ ላይ ይታያል። ወጪው በማን ላይ እንደሚያርፍ የሚወሰነው ደግሞ በጥቂት የክረምት ሳምንታት ውስጥ፣ ጥቂት ሰዎች በሚቀመጡባቸው ክፍሎች ነው። በእነዚያ ሳምንታት አድራሻውን ለይቶ፣ ስሙን ገልጾ፣ ችግሩን በራሱ ቃል የሚጽፍ ነዋሪ የሚፈልገውን ሁሉ ያገኛል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሲወሰንበት አለመኖሩ ይቀራል።